የተሰረቀው ሐብል አንገቴ ላይ ነበር

ሐብሉን አንገቴ ላይ ማድረጌን ያስተዋልኩት ፖሊሱ መዝገቡን ገልጦ ጣቱን ስማችን ላይ ካሳረፈ በኋላ ነው።

ጠዋት ከቤት ስወጣ ያልፈራሁት ነገር አልነበረም። ዝናብ እንዳይመጣ፣ ባጃጁ እንዳይገለበጥ፣ መብራት ጠፍቶ ኮምፒዩተሩ እንዳይዘጋ፣ ኃላፊው ስብሰባ እንዳይገባ፣ የማኅተሙን ቁልፍ የያዘችው ሴትዮ ምጥ እንዳይዛት ፈርቼ ነበር። የረሳሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ቢሮ ሲኬድ ወርቅ ይደረጋል፤ ወርቅ ያላደረገችን ሴት ጸሐፊዋ እንኳ ቁጭ በይ አትላትም። ስለዚህ የሠርጌን ሐብል ከሣጥን አውጥቼ፣ ከነጠላዬ በላይ እንዲታይ አስተካክዬ፣ ከአራት ዓመት በፊት ተሰረቀብኝ ብዬ ወደከሰስኩበት ጣቢያ በሁለት እግሬ ሄድኩ።

የከሰስኩት ደግሞ ባዳ አይደለም። አጠገቤ የቆመችውን ልጄን፣ ሔርሜላን ነው። እሷ ግን ይህን አታውቅም።

ፖሊሱ ወጣት ነው። መዝገቡን አነበበ፣ ቀና ብሎ አንገቴን አየ፣ እንደገና አነበበ። ሐብሉ ሦስት ፈርጥ አለው፣ መሐሉ ላይ ትንሽ መስቀል። መዝገቡም ላይ የተጻፈው ይኸው ነው። ነጠላዬን ወደ ላይ ሳብ አደረግኩት፤ ያን ጊዜ ሌባዋ እኔ መሰልኩ።

ልጁ ጨዋ ነበር። ሔርሜላን መታወቂያዋን ፊትና ጀርባውን ኮፒ አድርጋ እንድትመጣ ላካት። ኮፒ ማድረጊያው ያለው ገበያው አጠገብ፣ ጎረቤታችን እትዬ ረቢያ ሱቅ ነው፤ ደርሶ መመለሱ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። በዚህ አገር ቢሮ አንድን ሰው ከፊቱ ዞር ማድረግ ሲፈልግ ኮፒ ያስመጣዋል። እሷ ከበሩ ስትወጣ ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እማማ፣ ይቺ ልጅ ተከሳሽ ናት። ከሳሿ እርስዎ ነዎት። የተሰረቀው ዕቃ ደግሞ…» አለና አልጨረሰውም፤ በእስክሪብቶው አንገቴን አመለከተ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሔርሜላ በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት በደላላ በኩል ቤይሩት ሄደች። መጀመሪያ በየወሩ ትደውል ነበር። ከዚያ በሁለት ሺህ ሁለት ድንገት ዝም አለች። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ አራት ወር። እኔ ልጄ አሥር ደቂቃ ስትዘገይ መቃብሯን የምቆፍር ሴት ነኝ፤ በአራት ወር ውስጥ ስንት ጊዜ እንደቀበርኳት አንባቢ ይገምት። ከሰገነት ወድቃለች፣ ተመርዛለች፣ ባሕር ውስጥ ናት። ደላላው ስልኩን ቀየረ። እዚህ ቦንጋ ጣቢያ ብሄድ ውጭ አገር የጠፋ ሰው የእነሱ ሥራ እንዳልሆነ፣ አዲስ አበባ ሄጄ እንዳመለክት ነገሩኝ። አዲስ አበባ ብደውል ከምትኖሪበት ቦታ ፖሊስ ደብዳቤ አጽፊ አሉኝ። የቦንጋው አዲስ አበባ ይላል፣ የአዲስ አበባው ቦንጋ ይላል፤ ልጄ በመሐል የለችም።

ያን ጊዜ ነው ጋሽ ኃይለመስቀል ዘንድ የሄድኩት። ጋሽ ኃይለመስቀል ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ሸራ ወጥረው፣ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰው ናቸው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ማመልከቻ መጻፍ አያቅተኝም። ግን በእጅ ጽሑፌ የተጻፈን ነገር ማንም አንብቦልኝ አያውቅም፤ የእሳቸው ታይፕ የተመታ ወረቀት ሲታይ ግን ሰው መነጽሩን ይፈልጋል። ጉዳዬን ሰምተው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

«የሺሃረግ፣ መንግሥት ለጠፋ ሰው አይሮጥም፤ ለሌባ ግን ይሮጣል» አሉኝ።

ምክራቸው ይህ ነበር፦ ልጄ ወርቅ ሰርቃኝ ከአገር ኮበለለች በይ። ወንጀል ነውና ጣቢያው መዝገብ መክፈት ግዴታው ይሆናል፤ ለአዲስ አበባ ይጽፋል፤ አዲስ አበባ ለዓለም አቀፉ ፖሊስ ያስተላልፋል፤ እነሱም ቤይሩት በር ያንኳኳሉ። እኔም አመንኩ። በሐሳቤ ልጄ እጇን ታስራ ከአውሮፕላን ስትወርድ አየኋት፤ ደስታዬን አልደብቅም፤ የታሰረ ሰው በሕይወት ያለ ሰው ነው። ጋሽ ኃይለመስቀል ክሱን ሲያሳምሩት «ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት፣ በዓይኔ በብረቱ እያየሁ፣ ሐብሉን ከሣጥኔ አውጥታ» ብለው ጻፉ። እያየሁ ለምን ዝም አልኩ ብላቸው «በድንጋጤ አንደበቴ ተሳስሮ» የሚል ጨመሩበት። ፈረምኩ።

ማንም በር አላንኳኳም። ዝም ባለች በሰባተኛው ወር ሔርሜላ ራሷ ደወለች። ማዳሟ ስልኳን ነጥቃት፣ በሩን ከውጭ እየቆለፈችባት ነበር፤ ሌላ ቤት ገባሁ አለችኝ። አለቀስኩ፣ ዶሮ አረድኩ፣ ለጎረቤት ሁሉ ነገርኩ። ለፖሊስ አልነገርኩም። ለመሆኑ ፖሊስ ጣቢያ የምሥራች ይዞ የሚሄድ ማን ነው? መዝገቡ ደግሞ በራሱ ጊዜ ይጠፋል ብዬ ነበር። በዚህ ከተማ የቦታ ካርታዬን አጥተውብኝ ሁለት ዓመት ተመላልሻለሁ፤ የልደት ወረቀቴን አይጥ በልቶታል ተብያለሁ። ያን የውሸት ክስ ግን አይጥ አልነካውም፣ ዝናብ አላራሰው፤ ልክ እንደ ታቦት ተጠቅልሎ ቆየኝ።

ሔርሜላ በሁለት ሺህ አራት ተመለሰች። በዓመቱ ኢያሱን አገባች። ኢያሱ የቦንጋ ልጅ ነው፣ ካናዳ ይኖራል፤ ለሠርጉ ሦስት ሳምንት መጥቶ ተመለሰ። እንግዲህ እሷ ወደ ባሏ እንድትሄድ ከስድስት ወር በላይ ከኖረችበት አገር ሁሉ ከወንጀል ነጻ መሆኗን የሚያሳይ የፖሊስ ወረቀት ተጠየቀች። የቤይሩቱን እዚያ የቀረች ጓደኛዋ በውክልና አስወጣችላት። ሰባት ወር በር የተቆለፈባት አገር በሦስት ሳምንት ውስጥ «ንጹሕ ናት» ብሎ ማኅተም መትቶ ላከ። የቀረው የራሷ አገር ነበር፤ ሌባ ያላት ደግሞ የራሷ እናት።

አዲስ አበባ ያሉት አሻራ ከመቀበላቸው በፊት ከመኖሪያዋ ቦታ ፖሊስ ክስ እንደሌለባት የሚገልጽ ደብዳቤ አምጪ አሏት። ጣቢያው ደግሞ መጀመሪያ የቀበሌ ደብዳቤ። ቀበሌው የአንድ ለአምስት ጠርናፊያችን ትፈርም አለ። ጠርናፊያችን ትርንጎ ናት፤ ሔርሜላ አራት ዓመት ሙሉ የልማት ስብሰባ ስላልተገኘች ለመፈረም ተቸገረች። ቤይሩት ነበረች ብላት «ፈቃድ ጠይቃ ነበር?» አለችኝ። ይህ ሁሉ ሲጓተት ካናዳዎች ከሰጧት ሠላሳ ቀን አሥራ ዘጠኙ አልቆ ነበር። ወደ ጣቢያው ስትጎትተኝ እግሬ ያልታዘዘኝ ያለ ነገር አይደለም።

ልጁ ፖሊስ የኃላፊው ጉዳይ መሆኑን ነግሮኝ፣ ሔርሜላ ኮፒዋን ይዛ ስትመለስ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው አላት። ውሸት አልነበረም። ኃላፊው ኢንስፔክተር ተሰማ ሦስት ቀን ስብሰባ ላይ ናቸው፤ የስብሰባው ርዕስ የባለጉዳይን መመላለስ ስለመቀነስ ነው። ሦስቱንም ቀን ተመላለስን።

በመሐሉ ልጄን ገበያ ልኬ ጋሽ ኃይለመስቀል ዘንድ ሮጥኩ። ሸራው ያው ነው፤ እሳቸው ትንሽ ሸብተዋል። ክሱን አስታወሱት፤ ኮርተውም ነበር። እንዲህ ያለ ክስ ሁለተኛ አልጻፍኩም አሉኝ። ጠፍቶብኝ ነበር፣ ኋላ አልጋ ሥር ተገኘ ብዬ ባመለክትስ አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው «እንዳይሆን አድርጌ ነው የጻፍኩት» አሉ። በዓይኔ በብረቱ አየሁ ያለ ሰው፣ ለካ አልጋ ሥር ነበር ማለት አይችልም። ሥራቸው ጥሩ ስለነበረ መውጫ አልነበረውም። ገንዘብ አልተቀበሉኝም፤ ለቀብር እንደሚደረገው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

በአራተኛው ቀን ሔርሜላን ዛሬ እኔ ተሰልፌ እጠብቅልሻለሁ ብዬ ቤት ጥያት ብቻዬን ሄድኩ። ኢንስፔክተር ተሰማ ጠረጴዛቸው ላይ አዲስ የሐሳብ መስጫ ሣጥን አለ፤ ቁልፉ ላይ ላስቲኩ እንኳ አልተነሳም። በግድግዳው ላይ አንድ ባለጉዳይ በስንት ደቂቃ እንደሚስተናገድ በሰንጠረዥ ተጽፏል። ለእኔ ዓይነቱ ጉዳይ አሥራ አምስት ደቂቃ ተመድቧል። ሐብሉን ቤት ትቼ ነው የሄድኩት፤ የዘገየ ጥንቃቄም ጥንቃቄ ነው።

መዝገቡን በዝግታ አነበቡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ሁለት መንገድ እንዳለ ነገሩኝ። አንደኛው፣ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ልጅቷ ወስጃለሁ ብላ ፈርማ፣ ሐብሉን መልሳ፣ እኔ ይቅር ብያለሁ ብዬ መዝገቡ መዘጋት ነው። ታዲያ ደብዳቤው ምን ይላል አልኳቸው።

«የስርቆት ክስ ነበረባት፣ በዕርቅ ተዘግቷል ይላል። እኔ የሌለ አልጽፍም።»

ካናዳ የሽማግሌ ዕርቅ አያውቅም፤ ስርቆትን ግን በየትኛውም ቋንቋ ያውቀዋል። ሁለተኛውን መንገድ ከመናገራቸው በፊት ተነሥተው በሩን ገርበብ አደረጉና በካፊኖኖ ያወሩኝ ጀመር። እዚህ ሰው የቢሮው ቋንቋ ሲከብደው የቤቱን ያወጣል። ክሱ ሐሰት ነበር ብዬ በራሴ እጅ ከጻፍኩ የልጄ መዝገብ ከሥሩ ይሰረዛል። ግን በምትኩ በእኔ ስም ይከፈታል፤ ሰውን በሐሰት መወንጀል ራሱ ወንጀል ነውና። ከዚያ፣ አንድ ቀን ልጅዎ ወደዚያ ልውሰድሽ ብትልዎ ይህ ነገር ያስቸግርዎታል አሉኝ።

ይህን ባይሉኝ ይሻል ነበር። ኢያሱ በስልክ ባገኘኝ ቁጥር የሚለው ሌላ ነገር የለም። ሔርሜላ ስትወልድ የሚያርሷት እርስዎ ነዎት፣ ትኬቱን እኔ እቆርጣለሁ፣ ከእርስዎ የሚፈለገው አንድ የፖሊስ ወረቀት ብቻ ነው። እኔ እዚህ ቅርብ ካለችው ከዋጫ ከተማ ወዲያ ሄጄ የማላውቅ ሴት ብርዱን መፍራት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ድብ አለ ሲሉ ሰምቼ እሱንም ፈርቼ ጨርሻለሁ። ለገንፎው የሚሆን የማንኪራ ጫካ ማር እንኳ በጣሳ አስቀምጫለሁ። ለመጀመሪያ ልጇ የእናት እጅ ሳይነካት የምትታረስ ሴት በእኛ ዘንድ ወላጅ የሌላት ናት።

ወረቀትና እስክሪብቶ ጠየቅኩ። ጋሽ ኃይለመስቀል ዘንድ ልሂድ አላልኩም። በራሴ ጽሑፍ፣ በአራት መስመር ጻፍኩ፦ ልጄ ምንም አልሰረቀችም። ሐብሉ ከቤቴ ወጥቶ አያውቅም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። የዋሸሁትም ልጄን እንዲፈልጉልኝ ነው።

ኢንስፔክተሩ አነበቡት። «የመጨረሻውን መስመር ቢያወጡትም ይችላሉ፤ ለሕጉ አያስፈልግም» አሉኝ።

«ለእኔ ያስፈልጋል» አልኳቸው።

ልጁ ፖሊስ ተጠራ። የሔርሜላ መዝገብ ላይ በማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ተሰመረ፤ በሚቀጥለው ገጽ ላይ የእኔ ስም በሚያምር ጽሑፍ ተጻፈ። ደብዳቤዋ በዚያው ሰዓት ወጣ፣ ማኅተሙም ተመታ፤ ቁልፉን የያዘችው ሴትዮ አልወለደችም ነበር። ሰዓቴን አየሁ። በአሥራ አራት ደቂቃ ተስተናግጃለሁ። ስወጣ ኢንስፔክተሩ ዐቃቤ ሕግ አይቶት ሲወስን እንደሚጠሩኝ ነገሩኝ። መቼ እንደሆነ ስጠይቅ ስንፈልግዎ አሉኝ። ዛሬ ሊሆን ይችላል ወይ ብላቸው «ማን ያውቃል» አሉ። ለእኔ ዓይነት ሰው ማን ያውቃል አይባልም።

ለሔርሜላ ደብዳቤውን ሰጠኋት። ሳልሰለፍ ቀድሜ ገብቼ ነው አልኳት፤ ሳመችኝ። በማግስቱ አሻራ ልትሰጥ አዲስ አበባ ሄደች።

ስለ በራችን አንድ ነገር ልናገር። በራችን ቁልፍ፣ መቀርቀሪያና ሰንሰለት አለው፤ ሦስቱም በእኔ ፍላጎት የተገጠሙ ናቸው። ሔርሜላ ከቤይሩት ከተመለሰች ወዲህ ግን በተቆለፈ በር ውስጥ እንቅልፍ አይወስዳትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠባችን ይህ ነበር፦ እኔ እቆልፋለሁ፣ እሷ ተነሥታ ትከፍታለች፣ እኔ ተነሥቼ እቆልፋለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን መቆለፍ ተውኩ። ፖሊስ የተቆለፈ በር ይሰብራል፤ በራችን ደግሞ ዋንዛ ነው፣ በዚህ ዘመን ማን ይሠራልኛል። ብርድ ልብስ፣ ፎጣ፣ በሶ፣ የደም ግፊት ክኒኔንና ሁለት ፊስታል በቦርሳ አድርጌ በሩ ሥር አስቀመጥኩ። ሲመሽ ጫማዬን አድርጌ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። የባጃጅ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እነሣለሁ። አንድ ቀን እትዬ ረቢያ ስኳር ይዛልኝ ብቅ ብትል እጄን ዘረጋሁላት፣ ታሰሪ የምትለኝ መስሎኝ። ምን ሆነሻል ስትለኝ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ሁሉን ነገርኳት። ረቢያ ስኳሩን አስቀምጣ፣ ግድግዳውን ይዛ ሳቀች።

ሔርሜላ በአምስተኛው ቀን ማታ መጣች፤ ካናዳዎች የሰጧት ጊዜ ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶት። ወረቀቷን በላስቲክ ሸፍና በደረቷ ይዛዋለች። ምንም ዓይነት የወንጀል ሪከርድ የለባትም ይላል፣ በሁለት ቋንቋ። በሩን ገፋ ስታደርገው ተከፈተ፤ ቦርሳው አደናቀፋት። ወንበሩ ላይ በጫማ ተቀምጬ አገኘችኝ።

«እማዬ፣ የት ልትሄጂ ነው?»

«የትም። ሲመጡ ልሄድ ነው» አልኳት።

ነገርኳት። የጋሽ ኃይለመስቀልን ክስ፣ በዓይኔ በብረቱ ያለውን፣ በድንጋጤ የተሳሰረውን አንደበቴን፣ የጻፍኳቸውን አራት መስመሮች ሁሉ። እየነገርኳት ፊቷን አላየሁም፤ የማየው ቦርሳውን ነበር። ስጨርስ ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ ከዚያ የባሰውንም አስቤ ነበር፤ ጥላኝ ሄዳ እስክሞት አታናግረኝም ብዬ ነበር። እሷ ግን ቦርሳውን ከፍታ በሶውን አወጣች፣ ክኒኑን አየች፣ ሁለቱን ፊስታል ቆጠረች።

«እዚያ ተቆልፎብኝ ሰባት ወር ሙሉ ማንም የሚፈልገኝ የለም እል ነበር» አለች። «ለካ ፖሊስ ይፈልገኝ ነበር።»

መሳቋ ይሁን ማልቀሷ አልገባኝም። ወደ እኔ መጣችና ከአንገቴ ኋላ ጎንበስ ብላ የሐብሉን ማያያዣ ፈታችው። ማታ ማታ ማድረግ ጀምሬ ነበር፤ ሲመጡ ማስረጃውን ቤት ውስጥ እንዳይፈልጉ ብዬ። የራሷ አንገት ላይ አሠረችው።

«ይኸው ወሰድኩት። በዓይንሽ በብረቱ አይተሻል። እንግዲህ የዋሸሽው የለም።»

«ኤርፖርት ላይ ይይዙሻል» አልኳት።

«ይያዙኝ። ስወልድ ማን ሊያርሰኝ ነው?»

በስሜ መዝገብ ተከፍቶ ካናዳ እንደማልሄድላት ገብቷታል። ረቢያን ውሰጃት፣ እሷ ከሳሽም ተከሳሽም ሆና አታውቅም አልኳት። ማሩን ግን እሰጥሻለሁ አልኳት። እሷ ቦርሳውን አንሥታ ወደ ጓዳ ወሰደችውና ባዶ እጇን ተመለሰች። ጫማዬን ከእግሬ አወለቀች፤ ትንሽ ሳለች እኔ ነበርኩ ይህን የማደርግላት። ከዚያ ወደ በሩ ሄደች። እጇን መቀርቀሪያው ላይ አድርጋ ጥቂት ቆመች፤ እንዳትከፍተው ሳይሆን እንዳትዘጋው የፈራሁበት የመጀመሪያ ቀኔ ነው። ሲመጡ ይሰብሩታል አልኳት።

«ካንኳኩ እኔ እከፍታለሁ» አለች።

መቀርቀሪያውን ገፋችው፣ ሰንሰለቱን ሰካችው፣ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረችና ነቅላ ደረቷ ውስጥ ከወረቀቱ ጋር ከተተችው። እንቅልፍ እስኪወስዳት ጠበቅኩ። ከዚያ በባዶ እግሬ ሄጄ በሩን ሳብኩት። ተቆልፏል።